ጅማ ሆኖ ከልብ ቀዶ ጥገና ማገገም፦ ስልክ የረዳኝና ያልረዳኝ

አዲስ አበባ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወደ ጅማና አካባቢዋ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ መድኃኒቱና የቀጠሮው ቀን ይጻፋል። በመሀል ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንደሚያሳልፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። ምን ያህል ልራመድ? ደረጃ ልውጣ? ልብስ ልጠብ? ልቤ እንዲህ የሚመታው ደህና ነው? ይሄን የሚመልስለት ሰው ያለው ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እኔ እነዚያን ሳምንታት ያለፍኳቸው በስልክ እየታገዝኩ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ላሉና ለቤተሰቦቻቸው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስለ በሽታዬ ባጭሩ። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር። በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን አንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ እሱ ደግሞ የልብ ቫልቭን ያበላሻል። አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚዳርገው ይሄ ነው። የኔ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ጠብቦ ነበር። ደረቴ ተከፍቶ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ተቀየረ። ደሜ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። በየአራት ሳምንቱ ደግሞ የፔኒሲሊን መርፌ አለኝ።

ከሆስፒታል ከመውጣቴ በፊት ፊዚዮቴራፒስቷን፣ ማለትም እንቅስቃሴ እያሠራች እንዳገግም የምትረዳኝን ባለሙያ፣ «ጅማ ስገባ ማን ያየኛል?» አልኳት። «ቴሌግራም አለሽ አይደል?» አለችኝ። እዚያው አልጋዬ አጠገብ ተስማማን። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተቆረጠ ሰዓት ቪዲዮ እንደዋወላለን። በቀሪዎቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት ቁጥሮቼን በጽሑፍ እልካለሁ። ቤት ውስጥ በርቀት ክትትል ማገገም እንዲያው የቸገረው ሰው ዘዴ እንዳልሆነም ነገረችኝ። ሌላ አገር ለዓመታት ተጠንቷል። በተለይ የልብ ድካምና ድንገተኛ የልብ ሕመም ባለባቸው፣ ሁኔታቸው በተረጋጋ ታካሚዎች ላይ ውጤቱ ማዕከል እየተመላለሱ ከሚሠሩት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ደግሞ ብዙ አገሮች ይሄን አገልግሎት ወደ ስልክ አዙረውት ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ስልክ አያክምም። ስልክ የሚያደርሰው እናንተ የለካችሁትንና የተናገራችሁትን ነው። ልኬቱ ከተዛባ ወይ የሚደበቅ ነገር ካለ፣ ከወዲያ ማዶ ያለችው ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ምክሯ አይገጥምም። ስለዚህ የሚደከመው አፕ ፍለጋ ላይ ሳይሆን አለካክ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ስማርት ሰዓት ልላክልሽ ብሎኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን «መጀመሪያ የደም ግፊት መለኪያና ሚዛን ግዙ» አለች። ትክክል ነበረች።

የልብ ምት አቆጣጠር ያስተማረችኝ ገና አልጋ ላይ ሳለሁ ነው። ሌባ ጣትና መሀል ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ይቀመጣሉ። በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። ብዙ ሰው 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። እንደ እኔ ምቱ አንዳንዴ የሚዘበራረቅበት ሰው ግን ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር አለበት። ምት ሲዘበራረቅ የግፊት መለኪያ ማሽኑም ሊሳሳት ስለሚችል ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ለግፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይሻላል። ከመለካቴ በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጀርባዬ ወንበሩን ይደገፋል፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይረግጣሉ፣ ክንዴ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከልቤ ትክክል ይሆናል። እየለካሁ አላወራም። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። እኛ ቤት ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ቡና ነው። ስለዚህ ልኬቱን ከቡናው አስቀደምኩት።

ሚዛን ላይ የምወጣው ሽንቴን ሸንቼ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ያንኑ ስስ ልብስ ለብሼ ነው። ይሄ ስለ ውፍረት አይደለም። ልብ ሲደክም ውኃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። እግር ከማበጡ በፊት ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ ይናገራል። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርኩ የሳምንቱን ቪዲዮ ሳልጠብቅ በዚያው ቀን እንድደውል ነው የተነገረኝ።

ጣት ላይ ስለሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ላንሳ፤ ዋጋው ቀነስ ስላለ ብዙ ቤት ገብቷል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ጥፍር ላይ ቀለም ወይም ሂና ካለ ቁጥሩ ላይታመን ይችላል። ጅማ ሰርግ የዋለች ሴት ይሄን ልብ ትበል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከትክክለኛው ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ትንፋሽ እያጠረው ቁጥሩ ጥሩ ነው ብሎ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር።

አሁን ወደ እርምጃው። ፊዚዮቴራፒስቷ የ6 ደቂቃ የእርምጃ ፈተና ትላለች። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንዴ አሠርታኝ ነበር። ጅማ ስደግመው ቦታ ቸገረን፤ ግቢያችን ተዳፋት ነው፣ ፈተናው ደግሞ ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድን። ወንድሜ በገመድ 30 ሜትር ለክቶ በሁለቱ ጫፍ ጡብ አስቀመጠ። አንድ ስልክ እኔን ያሳያል፣ በሌላ ስልክ ሰዓት ይይዛል። ሰዓቱን በቪዲዮው በኩል እሷ እንድትይዝ ማድረግ አይሆንም፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል።

ሩጫ አይደለም። በራስ ፍጥነት መመላለስ ነው። ከደከመኝ ቆሜ ማረፍ እችላለሁ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። በመሀል ስልኩ ውስጥ «ትከሻሽ! ትከሻሽን አውርጂው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ፣ ጠባሳዬን እንደሚጠብቅ ሰው ጎበጥ ብዬ ነበር የምሄደው። እኔ አላወቅኩትም፣ ወንድሜም አላየውም። እሷ አዲስ አበባ ሆና አየችው። ስጨርስ እንዴት ነሽ እንኳን አላለችኝም። መጀመሪያ ምት፣ ቀጥሎ ድካም በቁጥር። ድካሙ ከ6 እስከ 20 ባለው መለኪያ ነው የሚነገረው። 6 ማለት ምንም አለመድከም ነው፣ 20 ደግሞ የመጨረሻው አቅም። ለኔ በእርምጃ ጊዜ ከ11 እስከ 13 ባለው ውስጥ እንድቆይ ተወሰነ። ቁጥሩ ለማይመቸው ሰው ቀላል መንገድ አለ፦ እየሄድክ ማውራት ከቻልክና መዘመር ካልቻልክ ልኩ እሱ ነው። ማውራት ካቃተህ በዝተሃል።

እኔ የጀመርኩት 5 ደቂቃ በሆነች እርምጃ ነው፣ በቀን ደጋግሜ። ከዚያ ደቂቃ ደቂቃ እየጨመርኩ ሄድኩ። ይሄ እንደ መድኃኒት መጠን አለው። ሰው ደህና ሲሰማው በአንድ ጊዜ ሊያበዛው ይፈልጋል፣ ሲጨንቀው ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል። ሁለቱም አይበጁም። መነሻው ላይ ዝግ ብሎ ማሟሟቅ፣ መጨረሻው ላይም ዝግ እያሉ ማብረድ ያስፈልጋል። በድንገት ከቆማችሁ ግፊት ወርዶ ሊያዞራችሁ ይችላል። ደረት ላይ ሕመም ወይም መጫን፣ ማዞር፣ ልብ መዝለል ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በቃ፣ ወዲያው ይቆማል።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ መንገዳችሁንና ቤታችሁን በቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ የናንተን ሰፈር አያውቅም። ከቤታችን ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ለሄደ ሰው ይቀላል፤ መመለሻው ግን፣ ሰው በደከመበት ሰዓት፣ ዳገት ይሆናል። ቪዲዮውን አይታ አዞረችው፦ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ሲመለሱ ወደ ታች። «ጅሬን የሚባል ዳገት አለ አሉ፣ እሱን ገና እንዳትነኪው» አለች። የቤታችንን ወንበርም አየችው። ተቀምጦ መነሳት ጡንቻ ለማጠንከር ጥሩ ነው፣ ዝቅ ያለው ባለሦስት እግር በርጩማችን ግን አይሆንም። ከእሱ ለመነሳት እጅ ይገፋል፤ የደረት አጥንት ሳይጠገን ደግሞ በእጅ ተደግፎ መነሳት ክልክል ነው። ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ አስደግፈን እሱ ላይ ሠራሁ። ክረምት ሲገባ፣ ጅማ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆን በረንዳ ላይ ባለሁበት መርገጥና ይሄው የወንበር እንቅስቃሴ ተካው።

የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ከባድ አይነሳም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አይታሰብም። ሲያስለኝ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የማስለው። ባጃጅ ስሳፈርም ያንኑ ትራስ ይዤ ነበር፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥር ይረዳል።

እናቴ መጀመሪያ ይሄን ሁሉ አልወደደችውም። ለእሷ የታመመ ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ይጠየቃል። ጠያቂውም «ምነው፣ ልጅቷን ለምን ታንከራትቷታላችሁ?» ይላል። እኔ ባስረዳት ከልጅ አልሰማ ብላለች። ፊዚዮቴራፒስቷ አንድ ቀን ስፒከር ላይ አድርጊልኝ አለችና «እማማ፣ ደህና ዋሉ?» ብላ ጀመረች። ስለ ልጆች፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀቻት። ከዚያ «እማማ፣ እርስዎ ቢያግዙኝ ነው ይህች ልጅ የምትድነው። ሥራውን ለእርስዎ ልስጥዎት» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የእርምጃ ሰዓት ሲደርስ ነጠላዋን የምታነሳው እሷ ሆነች። ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚያዘውን ሰው ስልኩ ላይ ማምጣት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ብዙ ባለሙያዎች ይሄን የሚዘሉት ይመስለኛል።

እውነት ስለ መናገር ደግሞ። አጋሮ ያለ አጎቴ የልብ ድካም አለበት፣ በኔ በኩል ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ተገናኘ። በቪዲዮ «ጫት ይቅማሉ?» ስትለው ሚስቱም ልጆቹም ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። «የለም፣ ትቻለሁ» አላት። በኋላ ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍ ላከችለት። እውነቱን መለሰ። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ሳያውቁ መድኃኒት መጨመር ጉዳት አለው። ስለ ባህል መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የሚያሳፍር ወይም ቤት የሚያስቆጣ ጥያቄ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ቢሆን ሰው ይተነፍሳል።

ምግብ ላይ ዋናው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። እኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ጎረቤት ሄዳችሁ የቀረበላችሁን መመለስ ከባድ ነው። እኔ ስኒው ሳይቀዳ «እማማ፣ ለኔ ያለ ጨው» እላለሁ፣ የተቀየመኝ የለም። ጎመን ላይ ግን የተሳሳተ ወሬ አለ። ዋርፋሪን የሚወስድ ጎመን አይብላ ይባላል። እንደዚያ አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን ነው ነገሩ። አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ በሚቀጥለው ምንም ከሆነ የደም ማቅጠኛው ልኬት ይዋዥቃል።

ደም ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ይህ ልኬት አይኤንአር ይባላል። ሚትራል ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። ደሜን ጅማ እሰጣለሁ፣ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለሐኪሙ እልካለሁ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለን። የመድኃኒት መጠን በድምፅ ብቻ አይቀየርም። በጽሑፍ፣ በሚሊግራም፣ ለየትኛው ቀን እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። እኔ ያንኑ መልሼ ጽፌ እልካለሁ፣ እሱ «ልክ ነው» ይላል፣ ከዚያ ነው የምውጠው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ «ግማሽ» እና «አንድ ተኩል» በቀላሉ ይምታታሉ። ዋርፋሪን ደግሞ ምህረት የለውም። ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሳይጠይቁ መዋጥም አይቻልም። የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋኝን፣ ጥርስ የሚያየኝን ሰው ሁሉ ቫልቬንና ዋርፋሪኔን አስቀድሜ እነግራለሁ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት እንደኔ ላለ ሰው አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ትዳር ያላችሁ ሴቶች ደግሞ እርግዝና ከማሰባችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ኔትወርኩን በተመለከተ አትጨነቁ። ቀጥታ ቪዲዮ ሲቆራረጥ ካሜራውን አጥፍተን በድምፅ እንቀጥላለን። እንቅስቃሴውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀርጬ እልካለሁ፣ ሲመቻት አይታ ትመልሳለች። እሷ የላከችልኝን ቪዲዮዎች ስልኬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ለየቀኑ ልምምድ ኢንተርኔት አያስፈልገኝም። መብራት ስለሚጠፋ በቀጠሮው ዋዜማ ማታ ቻርጅ ማድረግ ግዴታ ነው።

ቁስሌን ፎቶ አንስቼ የላክሁበት ጊዜም ነበር። ሴት ልጅ ደረቷን በስልክ መላክ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። አስቀድሜ ፎቶውን ማን እንደሚያየው ጠየቅኩ። ያነሳችኝ እህቴ ናት፤ ጠባሳው ብቻ እንዲታይ ሌላውን በነጠላ ሸፈነችው። ከላክን በኋላ ከስልኩ ጋለሪ አጠፋነው፤ ስልኩን ቤተሰቡ ሁሉ ይነካዋል።

ስልክ የማይሆንበት ቦታ አለ። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ አነጋገር ሲጠፋ፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደም አልቆም ሲል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፣ ወይም ሁሌ የሚሰማው የቫልቭ ቀጭ ቀጭታ ድምፁ ሲደፈን መልእክት አይጻፍም። እኛ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እንድንሄድ ተስማምተናል። ለፊዚዮቴራፒስቷ የሚደወለው መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ወረቀቶቼ፣ የመድኃኒቶቼ ዝርዝርና የመጨረሻው አይኤንአር በአንድ ፌስታል በር አጠገብ ተሰቅለዋል።

ስማርት ስልክ የሌላችሁ፣ ይሄ ሁሉ አይመለከተንም አትበሉ። አጎቴ ያለው ተራ ስልክ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዘመድ ስልኩን ይዞ ሲመጣ ነው። በቀረው ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃዋል፦ ምት 76፣ ግፊት 118 በ 74፣ ኪሎ 61፣ እርምጃ 15 ደቂቃ። አማርኛው ስለሚከብደው ማብራሪያውን በኦሮምኛ የምታስረዳው ልጁ ናት፣ መልእክቱንም የምትልከው እሷ። መጀመሪያ ላይ ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር የተስማሙበት ዋና ነገር ግን ቁጥሮቹ አይደሉም። መልእክት ሳይመጣ ከረፈደ ምን ይደረግ የሚለው ነው። እስከ 4 ሰዓት ካልተላከ ፊዚዮቴራፒስቷ ትደውላለች፤ እሱ ካላነሳ ለሚስቱ፣ እሷም ካላነሳች ለጎረቤት። የጎረቤቱን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዛዋለች።